ፍርዱን አኑረን ክርክሩን ጣልን

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ከሰሞኑ የፖለቲካ ትኩሳት የራቀ ሊመስል ይችላል፤ ነገሩ ስለ አሮጌ ወረቀት ነውና። ሆኖም እስከ መጨረሻው ለሚታገሠኝ አንባቢ፣ ትኩሳቱን ከሚያባብሱት ነገሮች አንዱ የዚሁ አሮጌ ወረቀት መጥፋት መሆኑን ለማሳየት እሞክራለሁ።

ከአልጋ ሥር የወጣ ሸንጎ

ጡረታ ከወጡ አንድ መምህር ቤት ለቡና ተጠርቼ ሄጄ ነበር። እኒህ ሰው ከወጣትነታቸው ጀምሮ ቴምብር የመሰብሰብ ዝንባሌ አላቸው። የአጼ ምኒልክ ምስል ከታተመባቸው ከመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች አንሥቶ እስከ ደርግ ዘመን ፍጻሜ ያሉትን በየተራቸው ደርድረው ይዘዋል። ያን ቀን ግን ያሳዩኝ ቴምብር አልነበረም። ከአልጋቸው ሥር አንድ የማዳበሪያ ከረጢት ጎትተው አወጡና «ይህን ደግሞ እየው ልጄ፤ ቴምብሩ ተጠቅልሎበት የመጣ ነው» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓመታት በፊት ከአንድ ቆራሌ ላይ የቆዩ ፖስታዎችን ሲገዙ፣ ፖስታዎቹ በጋዜጣ ተጠቅልለው መጡላቸው። ቴምብሩን አንሥተው መጠቅለያውን ሊጥሉ ሲሉ ዓይናቸው ከአንድ አምድ ላይ ዐረፈ። ቆመው ጀመሩት፣ ተቀምጠው ጨረሱት። ከዚያ ቀን ወዲህ ቆራሌው በመጣ ቁጥር ከዕቃው ይልቅ መጠቅለያውን እየተከራከሩ መግዛት ያዙ። ከረጢቱ የሞላው እንዲህ ነው።

ከውስጡ ካየኋቸው መካከል የ1968 ዓ.ም. የአዲስ ዘመን ቅጠሎች ይገኙበታል። በእነዚያ ቅጠሎች ላይ «አብዮታዊ መድረክ» የሚለው አምድ አለ። ስሙን ብዙዎቻችን ሰምተነዋል። በትዝታ መጻሕፍት ውስጥ በአንድ ዐረፍተ ነገር ተጠቅሶ ሲያልፍ አይተነዋል። እኔ ግን ራሱን አምዱን፣ በቀለሙና በሽታው፣ በእጄ ይዤ ሳነብ የመጀመሪያዬ ነበር። «ጋሼ፣ ይህን ከእርስዎ በቀር ማን አንብቦታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «አንተ ሁለተኛው ነህ» አሉኝ። ቡናው ሦስተኛው ደርሶ ነበር፤ እኔ ግን የት እንዳለሁ ዘንግቼ ነበር።

ያኔ ምን ይባል ነበር?

ለወጣቱ አንባቢ ጥቂት ማስታወስ ይገባል። በሚያዝያ 1968 ዓ.ም. ደርግ የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራምን ካወጀ በኋላ፣ በመንግሥቱ ዕለታዊ ጋዜጣ ላይ ለጥቂት ወራት የሐሳብ ክርክር እንዲካሄድ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። በአንድ ወገን የኢሕአፓን መሥመር የሚከተሉ፣ በሌላው ወገን የመኢሶንን መሥመር የሚከተሉ ጸሐፍት በብዕር ስም እየተሸፈኑ ገጠሙ። ከጋዜጣው ውጭም «ዴሞክራሲያ» እና «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ» የየድርጅታቸውን ቃል ያሰሙ ነበር።

ክርክሩ ስለ ምን ነበር? ለሕዝብ የሚሰጠው ዴሞክራሲያዊ መብት ገደብ ይኑረው ወይስ አይኑረው? ገደብ ካለውስ ገደቡን የሚያሰምረው ማን ነው? ወታደሩ ሥልጣኑን ለጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ ያስረክብ ወይስ ሂሳዊ ድጋፍ እየተሰጠው ይቆይ? ሕዝቡ ሳይደራጅ ሥልጣን ቢይዝ ምን ይሆናል? ሥልጣን ሳይዝስ እንዴት ይደራጃል?

ውድ አንባቢ፤ እነዚህን ጥያቄዎች እንደገና አንብባቸው። ከማርክሳዊው ቃላት አላቅቃቸውና ዛሬ ከምንጣላባቸው ጥያቄዎች ጋር አስተያያቸው። «መጀመሪያ ጸጥታ፣ ከዚያ ነፃነት» የሚለው እና «ነፃነት የሌለበት ጸጥታ የመቃብር ነው» የሚለው የዛሬው ሙግታችን ከዚያ አምድ ምን ያህል ርቋል? በዕድሜ ግማሽ ምዕተ ዓመት ርቋል። በሐሳብ ግን ገና እዚያው ደጃፍ ላይ ቆሞ ያንኳኳል።

ፍጻሜውን ሁላችንም እናውቃለን። መስከረም 13 ቀን 1969 ዓ.ም. በሻለቃ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ የግድያ ሙከራ ተደረገ። ጥር 26 ቀን ሻለቃው ተቀናቃኞቻቸውን በቤተ መንግሥቱ ውስጥ አስወግደው ሥልጣኑን ጠቅልለው ያዙ። ቀይ ሽብር በከተሞች ነደደ። ሂሳዊ ድጋፍ ያለው መኢሶንም በነሐሴ 1969 ዓ.ም. በተራው ወደ ኅቡዕ ወርዶ ተመታ። በአንድ አምድ ላይ በብዕር የተፋለሙት ሁለት ወገኖች ዓመት ተመንፈቅ ሳይሞላቸው ሁለቱም ተበሉ። አምዱ ግን ቀረ። የቀረውም በቆራሌ ከረጢት ውስጥ ነው።

ፍርድና ክርክር

የዚህ ጽሑፍ ሙግት አንድ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ካለፈው ዘመናችን ያኖርነው ፍርዱን እንጂ ክርክሩን አይደለም። ማን ጥፋተኛ፣ ማን ሰማዕት፣ ማን ባንዳ፣ ማን ጀግና እንደሆነ እያንዳንዱ ወገን ፍርዱን በቃሉ ይዟል። ፍርዱ የተሰጠበት የሙግት መዝገብ ግን የለም። መዝገብ የሌለው ፍርድ ደግሞ ይግባኝ አይባልበትም፤ ወይ ትቀበለዋለህ ወይ ትረግመዋለህ።

ይህ የአባቶቻችን ልማድ ነው እንዳይባል፣ አባቶቻችን ተቃራኒውን ነበሩ። በበላ ልበልሃው ዘመን ተሟጋቹ ነጠላውን አደግድጎ፣ ዘንጉን ይዞ፣ በአደባባይ ይቆም ነበር። በተጠየቅ ሙግት አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ይመልስ፣ መንገደኛውም ቆሞ ይሰማ፣ አንዳንዴም ዳኛ ሆኖ ይቀመጥ ነበር። ሕዝቡ ወደ ቤቱ ይዞት የሚሄደው ማን እንደረታ ብቻ አልነበረም፤ በምን ቃል እንደረታ ጭምር እንጂ። የተረታው ወገን ንግግር እንኳ ካማረ ለልጅ ልጅ ይተረክ ነበር። እንግዲህ መጻፍ ያልቻለው ትውልድ የተሸናፊውን ሙግት በቃሉ ሲያኖር፣ መጻፍ የቻለው ትውልድ በታተመ ወረቀት ቆሎ መጠቅለሉ ምን ይባላል?

አንድ ምሳሌ ልጨምር። ኅዳር 8 ቀን 1962 ዓ.ም. «ስትራግል» በተባለው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጽሔት ላይ ዋለልኝ መኮንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ጽሑፉ ከጥቂት ገጾች የማይበልጥ ነው፤ ሻይ እስኪበርድ ድረስ ይነበባል። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚህ ጽሑፍ ላይ የተጻፈው፣ የተፎከረውና የተረገመው ግን ቤተ መጻሕፍት ይሞላል። አንዱ ወገን የነፃነት አባት ያደርገዋል፤ ሌላው የመከራችን ሁሉ ምንጭ ያደርገዋል። ዋለልኝ ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ከጓደኞቹ ጋር አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክር ተገድሏልና አንዱንም ማረም አይችልም። የዛሬው ሕገ መንግሥት የጸደቀውም፣ ከ22 ዓመት በኋላ፣ በዚያችው ኅዳር 29 ቀን ነው። የቀን መገጣጠሙ ላንዱ ምልክት፣ ለሌላው እርግማን ሆኖ ይነገራል።

ለመሆኑ ይህን ጽሑፍ ከሚያወድሱትና ከሚረግሙት መካከል ስንቱ ከዳር እስከ ዳር አንብቦታል? ከዚያም በላይ፣ በዚያ ዘመን በዚያው ግቢ የነበሩት፣ በዚያው መጽሔትና በውጭ አገር ተማሪዎች መጽሔቶች ላይ በዚሁ ጉዳይ የተሟገቱት፣ «ተው ይህ መንገድ ያስኬዳል ወይ?» ያሉት ተማሪዎች ጽሑፍ የት አለ? በ1971 እ.ኤ.አ. በሰሜን አሜሪካ የነበሩ ተማሪዎች በሎስ አንጀለስ ጉባኤያቸው በዚሁ ጥያቄ ላይ ተከራክረው ለሁለት ተከፍለዋል። ሁለት ወገን ነበረ ማለት ነው። እኛ ዘንድ የደረሰው ግን አንድ ስምና አንድ ርዕስ ብቻ ነው። አንድ ሙሉ ትውልድ በአንድ ወጣት አምስት ገጽ ተመዝኖ ተፈረደበት፤ ወይም ተፈረደለት። ይህ ለዋለልኝም ፍትሕ አይደለም፤ ለተከራካሪዎቹም አይደለም፤ ከሁሉ በላይ ለእኛ አይደለም።

ሕገ መንግሥቱም እንዲሁ ነው። በ1987 ዓ.ም. ያጸደቀው ጉባኤ ቃለ ጉባኤ አለው። በአንቀጽ 39 እና በአንቀጽ 40 ላይ የተቃወሙ ጥቂት ድምፆች እንደነበሩ ይኸው ቃለ ጉባኤ ይመሰክራል። ስለ መሬትና ስለ መገንጠል ሌት ተቀን ከምንጯጯኸው መካከል ግን፣ ከሕግ ሰዎችና ከጥቂት ተመራማሪዎች በቀር፣ ይህን ቃለ ጉባኤ በዓይኑ ያየ ስንት ነው? ጉባኤው «አንድም ተቃዋሚ አልነበረበትም» የሚል ሰው በአንድ ወገን፣ «ሁሉም አስተውሎና ተወያይቶ አጸደቀው» የሚል ሰው በሌላ ወገን ቆሞ ሲፋጠጥ አይቻለሁ። ሁለቱም መጽሐፉን አላዩትም ነበር።

ወረቀቱ የት ሄደ?

መጀመሪያ እሳት በላው። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቤት ለቤት አሰሳ ሲታወጅ፣ እናቶች የልጆቻቸውን ወረቀት በምድጃ ማገዱት። መጽሔቱ፣ ደብዳቤው፣ የጥናት ቡድኑ ማስታወሻ ሁሉ እየተለቀመ በእሳት ተበላ፤ ያልተቃጠለው ጓሮ ተቀበረ፤ ያልተቀበረው መጸዳጃ ጉድጓድ ገባ። በዚያን ጊዜ አንዲት በራሪ ወረቀት ቤት ውስጥ መገኘቷ የሞት ፍርድ ነበረች። እነዚያን እናቶች የሚወቅስ አንደበት የለኝም፤ ልጅን ከወረቀት ማስቀደም ትክክል ነበረ።

ቀጥሎ ቆራሌው ወሰደው። ከእሳቱ የተረፈው፣ ባለቤቱ ሲሞት ወይም ሲሰደድ፣ «ልጆቹ ምን ያደርጉታል?» ተብሎ በኪሎ ተሸጠ። መርካቶ ወርዶ የበርበሬና የስኳር መጠቅለያ ሆነ። ከ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ በኋላ የፈሉት የግል ጋዜጦችም ከዚህ ዕጣ አላመለጡም። በ1998 ዓ.ም. ከምርጫው ቀውስ በኋላ ብዙዎቹ ሲዘጉ፣ አዲስ ነገርም በ2002 ዓ.ም. ኅትመቱን አቁሞ አዘጋጆቹ ሲሰደዱ፣ የዝግጅት ክፍሎቹ መደርደሪያ የት ገባ? ያን ጋዜጣ በየሳምንቱ እየተሻማን ያነበብን ሰዎች ዛሬ ሙሉ ጥራዙን ከየት እናገኛለን?

የቀረው ደግሞ ባሕር ተሻገረ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ናይሮቢ ላይ ቢሮ ከፍቶ የምሥራቅ አፍሪካን ኅትመቶች፣ የእኛንም ጨምሮ፣ ሲሰበስብ ኖሯል። ላደረገው ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን የአዲስ አበባ ልጅ አባቱ አዲስ አበባ ላይ ያነበበውን ጋዜጣ ለማንበብ የዋሽንግተን ቪዛ የሚያስፈልገው ከሆነ፣ ወረቀቱ ዳነ እንላለን እንጂ ንባቡ ዳነ አንልም።

«የድጋፍ ደብዳቤ ይዘሃል?»

በእርግጥ በአገር ውስጥም የተቀመጠ አለ። እዚህ ላይ የራሴን ገጠመኝ ላውጋችሁ። ከመምህሩ ቤት በወጣሁ ማግሥት፣ የጎደሉትን ቅጠሎች ለመፈለግ ጋዜጦችን በጥራዝ ወደሚያስቀምጥ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድሁ። በር ላይ «ከየት ነው የመጣኸው?» ተባልሁ። ከቤቴ አልሁ። «ከየትኛው መሥሪያ ቤት ማለቴ ነው» አለኝ ጥበቃው። የድጋፍ ደብዳቤ እንደሚያስፈልግ ተነገረኝ። ደብዳቤውን ለምኜ፣ ማኅተም አስመትቼ በሳምንቱ ተመለስሁ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ። ለሦስተኛ ጊዜ ስመለስ የ1968ቱ ጥራዝ ለጥገና እንደወጣ ሰማሁ። መቼ እንደወጣ ስጠይቅ፣ የሚያውቀው ሠራተኛ ተዛውሯል ተባልሁ። በአራተኛው ቀን አንዲት ቅን የሆነች ሠራተኛ ዝቅ ባለ ድምፅ «ወንድሜ፣ አትልፋ፤ ከጥራዙ ላይ አብዛኛው ተቀዷል» አለችኝ።

ተቀዷል! ማን ቀደደው? ባለጉዳይ? ካድሬ? ተመራማሪ? ለጥናቱ ፎቶ ኮፒ ማንሣት ተከልክሎ በምላጭ የቆረጠ ተማሪ? አላውቅም። የማውቀው ደብዳቤውና ማኅተሙ፣ ጥበቃውና ስብሰባው ወረቀቱን ከሌባ እንዳላዳኑት ነው። ያገዱት እኔን ብቻ ነበር።

ሕጉ እንዲህ አይልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘትን ዕድል ያረጋግጣል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ደንግጓል። አዋጅ ቁጥር 179/1991 ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍቱን ሲያቋቁም፣ ያተመ ሁሉ ቅጂውን እንዲያስገባ አዝዟል። አየህ አንባቢ፤ ሕጉ ወረቀቱ እንዲገባ ያዝዛል፣ እንዲወጣም ይፈቅዳል። በመካከል ያለው የብረት በር ነው ሕግ የሌለው።

ሦስት ማመካኛዎች

ይህን ጉዳይ ለወዳጆቼ ባነሣሁ ቁጥር ሦስት ማመካኛዎች ይቀርቡልኛል።

የመጀመሪያው «አሮጌ ቁስል አትነካካ» የሚል ነው። ሰዎቹ በሕይወት አሉ፤ ቤተሰብ አለ፤ ገዳይና የሟች ወንድም በአንድ ሰፈር ይኖራሉ። ይህን አቀልለን አናየውም። ነገር ግን ቁስሉ መች ሳይነካ ቀረና? «ያ ትውልድ» ወጣ፤ «በአጭር የተቀጨ ረጅም ጉዞ» ወጣ፤ «ትግላችን» ወጣ፤ «እኛና አብዮቱ» ወጣ። ሁሉም ተነበቡ፣ ተሸጡ፣ አጨቃጨቁ። መጻፋቸው መልካም ነው። ሆኖም ትዝታና ክርክር አንድ አይደሉም። የትዝታ ጸሐፊ ፍጻሜውን አውቆ ይጽፋል፤ ስለዚህ ሳያስበው እንኳ ትናንቱን ለዛሬው ያመቻቸዋል። በ1968 ዓ.ም. ሰኔ ላይ በጋዜጣ የጻፈው ሰው ግን ነገ የሚሆነውን አያውቅም ነበር። የተሳሳተውን በሙሉ ልብ ተሳስቷል፤ ልክ የሆነውንም ማንም ሳያጨበጭብለት ልክ ሆኗል። ለተከታዩ ትውልድ የሚጠቅመው ይህኛው ነው፤ እኛም ዛሬ የምንጽፈው ነገን ሳናውቅ ነውና። ቁስል የሚያመረቅዘውም ተሸፍኖ ሲቆይ ነው። ደግሞስ እነዚህ ጽሑፎች ከማኅደር የተሰረቀ ምሥጢር አይደሉም፤ በመንግሥት ማተሚያ ቤት ታትመው በአደባባይ የተሸጡ ናቸው።

ሁለተኛው «ዳቦ ሳይኖር ወረቀት ምን ያደርጋል?» የሚለው ነው። ይህ ማመካኛ ለምንም ነገር ያገለግላልና ለምንም ነገር አያገለግልም። ወረቀት ማዳን ድሃ አገር የማይችለው ነገር እንዳልሆነ ራሳችን አሳይተናል። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና ጽሑፎች የማይክሮፊልም ሥራ አብዮቱ ፈንድቶ፣ መንግሥት ተገልብጦ፣ ረኃብና ጦርነት እየተፈራረቀም አልቆመም። ከስምንት ሺህ በላይ የብራና መጻሕፍት ተቀርጸው ቅጂያቸው ሚኔሶታ ኮሌጅቪል ድረስ ተቀምጧል። ካታሎጉን ካዘጋጁት ሊቃውንት ዋነኛው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ። በ1968 ዓ.ም. መጀመሪያ የደርግ ወታደሮች በተኮሱባቸው ጥይት እግሮቻቸው ሽባ ሆነው፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ በ2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ የአገራቸውን ጽሑፍ ሲመረምሩ ኖረዋል። ልብ በሉ፤ በዚያው በ1968 ዓ.ም.! አንዱ ወገን በጋዜጣ ስለ መብት ገደብ ሲከራከር፣ እኒህን ሰው ገደቡ በጥይት አግኝቷቸው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቶ ካሳየን በኋላ፣ ሁለት እግር ያለን ሰዎች የሃምሳ ዓመት ጋዜጣ ፎቶ ማንሣት አቃተን ስንል አናፍርም?

ሦስተኛው ማመካኛ ረቀቅ ያለ ነው። «እነዚህ ጽሑፎች ቢወጡ ፖለቲከኛው መርጦ እየጠቀሰ መቀስቀሻ ያደርጋቸዋል» ይላል። ያደርጋቸዋል፤ እውነት ነው። አሁንስ ምን እያደረገ ነው? መርጦ መጥቀስ የሚቻለው ሙሉው በሌለበት ነው። ሙሉው ጽሑፍ በሁሉ እጅ ቢሆን፣ አንዱ አንዲት መሥመር መዝዞ ሲፎክር ሌላው «ወንድሜ፣ የሚቀጥለውን መሥመርም አንብብ» ይለው ነበር። ከመቀስቀስ የሚያድነን የሚቀጥለው መሥመር ነው። የሚቀጥለው መሥመር ግን ለጥገና ወጥቷል።

ለሰብሳቢዎችም አንድ ቃል

መንግሥትን ብቻ ወቅሼ ብተው አድልዎ ይሆንብኛል። እንደ መምህሩ ያሉ፣ በትርፍ ጊዜ ዝንባሌ ብቻ፣ ያለ በጀትና ያለ ደመወዝ፣ ተቋም የጣለውን ያነሡ ሰዎች ባለውለታዎቻችን ናቸው። የቆየ ሸክላ፣ የቆየ ፎቶግራፍ፣ የቆየ ጋዜጣ በእነርሱ እጅ ተርፏል። ይሁን እንጂ በእነርሱም ዘንድ አንድ ሕመም አለ፤ የተገኘውን መደበቅ። «ከእኔ በቀር ማንም የለውም» የሚለው ኩራት ጣፋጭ ነው። ብዙ ሰብሳቢ ያን ጣፋጭ ይዞ ይሞታል። ሲሞትም ከረጢቱ ወደ መጣበት ቆራሌ ይመለሳል።

በውጭ አገር ያለነውም እንዲሁ ነን። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ፣ በአውሮፓ ከተሞች፣ በየምድር ቤቱ ስንት ካርቶን ተደርድሯል! የተማሪ ማኅበር ቃለ ጉባኤ፣ የተሰነጠቁ ድርጅቶች የመሰነጣጠቂያ ደብዳቤ፣ የስብሰባ ካሴት። ባለቤቶቹ «አንድ ቀን መጽሐፍ እጽፍበታለሁ» ይላሉ። ክቡራን ወንድሞችና እኅቶች፤ ዕድሜ እየሄደ ነው። መጽሐፉ ባይጻፍ ካርቶኑ ይናገር። አንዳንዶቻችሁ የምትፈሩት በካርቶኑ ውስጥ የገዛ ፊርማችሁ በማይወደድ ውሳኔ ሥር ስላለ መሆኑን አውቃለሁ። በሃያ ዓመት ዕድሜ መሳሳት ነውር አይደለም፤ በሰባ ዓመት ዕድሜ መደበቅ ግን ነውር ነው።

ምን ይደረግ?

ወቅሶ ብቻ መሄድ ቀላል ነውና፣ የሚቻል የመሰለኝን ላስቀምጥ።

አንደኛ፤ ማውጫ ይሠራ። ጋዜጣው ራሱ ቢኖር እንኳ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ገጽ፣ ማን ስለ ምን እንደጻፈ የሚናገር ማውጫ ከሌለ እንደጠፋ ይቆጠራል። በአንድ ዓመት ጥራዝ ላይ ሁለት ተማሪዎች አንድ ክረምት ቢሠሩ ይጨርሱታል። የታሪክና የጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍሎች ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲያጡ አያለሁ፤ ይኸው ርዕስ።

ሁለተኛ፤ እያንዳንዱ ገጽ ፎቶ ይነሣ። የጋዜጣ ወረቀት አሲድ ያለበት ወረቀት ነው፤ ሌባ ባይቀድደው ራሱን በልቶ ይጨርሳል። በጣቴ ስነካው እንደ ደረቅ እንጀራ የተቆረሰ ቅጠል አይቻለሁ። ቀጠሮ የሚሰጥ ጉዳይ አይደለም።

ሦስተኛ፤ የድጋፍ ደብዳቤ ይቅር። አንድ ጊዜ በአደባባይ የታተመን ጋዜጣ ለማንበብ ዜግነት እንኳ መጠየቅ የለበትም። ዋናው ጥራዝ ይጠበቅ፤ ቅጂው ለሁሉ ክፍት ይሁን። ጥራዙ ከምላጭ የሚድነውም ቅጂው ሲከፈት ነው።

አራተኛ፤ ሰብሳቢዎች ያላቸውን ያስመዝግቡ። ይስጡ አላልሁም፤ ንብረታቸው ነው። «ይህ ይህ አለኝ» ብለው ስሙን ብቻ ቢያስመዘግቡ፣ ቅጂውን ለሁለት ቀን ቢያውሱ፣ ዋናው ከእነርሱ ጋር ይቆያል፤ ቃሉ ግን የሁላችንም ይሆናል።

በመጨረሻ

በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ አጠገብ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ተከፈተ። ከአንድ ጊዜ በላይ ገብቼበታለሁ። አጽሙን በመስታወት ውስጥ አይቻለሁ፤ የወጣቶቹን ፎቶግራፍ አይቻለሁ፤ «መቼም፣ መቼም እንዳይደገም» የሚለውን ቃል አንብቤአለሁ። ከመምህሩ ቤት ከተመለስሁ ወዲህ ግን ስለዚያ ቦታ ሳስብ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ከእነዚያ ወጣቶች መካከል አንዳንዶቹ በ1968 ዓ.ም. ጋዜጣ ያነቡ፣ ምናልባትም በብዕር ስም ይጽፉ ነበር። አጽማቸውን በክብር አኖርንላቸው። ቃላቸውን ግን ለቆራሌ ሸጥነው። ሰው አጽም ከመሆኑ በፊት ምን ይል እንደነበር ሳያውቁ «አይደገምም» ማለት እንዴት ይቻላል? ምኑ ነው የማይደገመው?

በመጨረሻ የሄድሁ ዕለት መምህሩ ከረጢቱን አልመለሱትም ነበር። ጠረጴዛው ላይ በዓመትና በወር ለይተው፣ እንደ ቴምብሮቻቸው ደርድረውታል። «እኔ ሳልፍ ይህን የት ታደርሰዋለህ?» ብለው ጠየቁኝ። ብዙ የምጽፍ፣ ብዙ የምናገር ሰው ነኝ ብዬ አስብ ነበር። ለዚህች አጭር ጥያቄ ግን መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። የማደርሰው ቦታ ካለ፣ ውድ አንባብያን፣ ንገሩኝ። ከሌለም፣ ለምን እንደሌለ አብረን እንጠይቅ።

ቸር ይግጠመን።